ሞት ሳይኖር የተተከለው ድንኳን

ያን ሰሞን የእድራችን ድንኳን ሰው ሳይሞት ተተከለ። ጭድ ከምሸጥበት ከመርካቶ ጭድ ተራ ወደ ቤቴ ስመለስ ከሩቅ አየሁት። ማን ሞቶ ይሆን እያልኩ የሠፈሩን ሰው አንድ በአንድ በልቤ ጠራሁ። የእኔይቱን ልጅ ግን አልጠራሁም፤ እሷን በሐሳብም ቢሆን ከዚያ መሐል ማስገባት አልደፍርም። ነጠላዬን ላዘቅዝቅ አላዘቅዝቅ እያልኩ ስጠጋ የሚያለቅስ ሰው የለም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ በእድሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የአንዱን ጎረቤት ልጅ ደረት ያዳምጣል።

ደጃፉ ላይ የቆመውን ጥሩምባ ነፊያችንን "ምንድን ነው?" አልኩት።

"ከዩኒቨርስቲ መጥተው ነው። የልጆችን ልብ ሊያጠኑ።"

"ልብ ደግሞ ይጠናል እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጥላ ያለበት ቦታ አጣን አሉ፣ የእድሩ ዳኛ ፈቀዱ። እኔ እንደሆን የሞተ ኖረም አልኖረም ካስማው ያው ነው።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ድንኳን አንዴ ከተተከለ የሚሞት ሰው ሳይፈልግ አይነቀልም የሚል ነገር በጭንቅላቴ ገብቶ፣ ቤቴ ገብቼ እንኳ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ፤ እንስራውን ረስቼ እመለሳለሁ።

ስለ ልጄ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ያኔ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ገና ብቅ ያለላት ጊዜ ነበር። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልበረከቱልኝም። ሁለቱን በሕፃንነታቸው ኩፍኝ ወሰዳቸው። ትልቁ ወንድ ልጄ ለትምህርት ከደረሰ በኋላ ነው የሄደው። እሷ ስትወለድ ሴቶቹ "ሽጫት" አሉኝ። በእኛ ዘንድ ልጅ የማይበረክትላት ሴት ልጇን፣ ልጆቿ ላደጉላት ሴት ትሸጣለች፤ ያቺ የልጆቼን መንገድ የለመደች ክፉ ነገር ስትመጣ በቤቴ የእኔ የሆነ ልጅ እንዳታገኝ ነው።

ለጎረቤቴ ሸጥኳት። ጎረቤቴ ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ናት፤ ከእኔ ጭድ አለፍ ብላ ቃጫና ገመድ ትሸጣለች። ልጆቿ ሁሉ እንደ ሸንበቆ ተመዘው አድገውላታል። ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልዬ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩ። ወጥታ እንደማታውቀኝ "የምን ልጅ ናት?" አለች። "የምትሸጥ ናት" አልኳት። አንድ እንቅብ ገብስ ሰፍራ ሰጠችኝና ልጅቷን አንስታ ገባች። ትንሽ ቆይታ ጡት የምታጠባ ሞግዚት ትፈለጋለች ብላ ላከችብኝ። ልጄን እንደ ቅጥረኛ ወሰድኩ፤ እንደ ቅጥረኛ አጠባሁ። የምታድረው ከእኔ ጋር ነው፣ የምትበላው ከእኔ ጋር ነው፤ አፏን ስትፈታ ግን እሷን እማዬ፣ እኔን እትዬ አለች። እኔም እናቷ ነኝ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ "ያቺ ልጅ" እያልኩ ነው የምናገረው። አባቷ ጅማ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲመጣ እሱም እንደዚያው ይላል።

ጎረቤቴ ነገሩን ከልቧ ትይዘዋለች፤ ትቀልድበታለችም። ሰው ፊት "ሞግዚቴ" እያለች ትጠራኛለች። እኔም "እሜቴ" እላታለሁ።

ድንኳኑ በተተከለ በማግሥቱ "ሞግዚቴ፣ ልጄን አስደምጬ ልምጣ" አለችኝ።

"ይቅርባት እሜቴ። ምን ሆነችና?"

"የሁሉም ልጆች እየታዩ አይደል? የእኔ ተለይታ ስትቀር ሰው ምን ይላል?"

እጇን ይዛ ወሰደቻት። እኔም ተከትዬ ሄድኩ፣ ግን አልገባሁም። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ገመዱ ከታሰረበት ካስማ አጠገብ ቆምኩ። ሸራው ስስ ነው፤ የውስጡ ወሬ ሁሉ ይሰማል።

ሰዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሐኪሙ ነው። አንደኛው ውሃና አቧራ የሚሰበስብ ወጣት ሲሆን ከቦኖው ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ከጭዴም አንድ ጭብጥ በወረቀት ጠቅልሎ ወስዷል። ያን ቀን ጎረቤቴ "ሰው አልቆባቸው ጭዱን ሊያክሙት ነው" ብላ ተራውን አስቃ ነበር። ሦስተኛዋ ጠያቂዋ ናት፤ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች የዩኒቨርስቲ ተማሪ። ሥራዋ ስለ ቤተሰቡ እየጠየቀች መጻፍ ነው።

ተማሪዋ "እናቷ እርስዎ ነዎት?" አለች።

"ታዲያ ማን ሊሆን?" አለች ጎረቤቴ።

"ልጅቷ ከአሁን በፊት ታማ ታውቃለች? ጉሮሮዋን፣ ጉልበቷን?"

"የእኔ ልጅ? አንድ ቀን እንኳ።"

"ወንድሞችና እህቶች አሏት?"

"አሏት እንጂ። ትልቁ ልብስ ሰፊ ነው፣ ታናሹ ሱቅ ይጠብቃል፣ ሴቶቹን ድሬአቸዋለሁ። ሁሉም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።"

"የሞተብዎት ልጅስ?"

"የለም።"

አንድም ውሸት አልተናገረችም። ሁሉም የእሷ ነው። ስለ ልጅቷ ጤናም የምታውቀውን ነው ያለችው፤ ያለፈው ክረምት የእናቷን ለቅሶ ልትደርስ አገሯ ሄዳ ሰንብታ ነበር። በዚያ ክረምት የሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። ስትመለስም አልነገርኳትም። ሸጬላት ሳለሁ የገዛሽው ነገር ተበላሸብሽ የማለት ያህል ሆነብኝ።

ከዚያ ሐኪሙ ማዳመጥ ጀመረ። የሌሎቹን ልጆች ሲያዳምጥ ቶሎ ነበር የሚለቃቸው። የእሷን ሳይለቅ ቆየ። "ቁጭ በይ። ተኚ። በግራ ጎንሽ ዙሪ። ትንፋሽሽን ያዢ" ይላታል። እኔ ከሸራው ወዲህ የእኔንም ትንፋሽ ይዣለሁ።

"ልቧ ላይ ተጨማሪ ድምፅ አለ" አላት ተማሪዋን በመጨረሻ። "ግን አንዳንድ ጤነኛ ልጅ ላይም ይሰማል። ጉሮሮዋን ታማ፣ ከዚያ ጉልበቷ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት የሚያውቅ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። አልታመመችም ካሉ ግን ዝም ብሎ መርፌ አይጀመርም። ለከርሞ ስንመለስ እናያታለን።"

ለከርሞ አለ። እኔ የገመዱን ካስማ ይዤ ቆሜ ያ ክረምት በዓይኔ ላይ ይሄዳል። ጉሮሮዋን ታመመች፤ እንጥሏ ወርዷል ሲሉኝ እንጥል ቆራጩ ጋ ወሰድኳትና አስቆረጥኳት። ቆየት ብሎ አንድ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲጎድል ሌላኛው፣ ቀጥሎ ክርኗ፤ ሕመሙ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ልብስ እንኳ ሲነካት ትጮኻለች። አማኑኤል ጠበል አመላለስኳትና ተሻላት። ተሻላት አልኩ እንጂ ከዚያ ወዲህ ከቦኖ ስትመለስ ከጭዱ ክምር ተደግፋ ሳታርፍ ቤት አትደርስም።

ያን ሰሞን ምን እንደሸጥኩ አላውቅም። ደንበኛ ለፍራሽ ጭድ ሲጠይቀኝ ለጭቃ ምርጊት የሚሆነውን አስሬ እሰጣለሁ። ቁጭ እልና እነሣለሁ። እስከ ድንኳኑ ድረስ እሄድና ሌላ ሰው የምፈልግ መስዬ አልፈዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጭዱ ላይ አሸልባ ሳለ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ደፋሁ። ዱቄት ሲነፋ ወንፊቱ የሚያሰማው ዓይነት ሽውታ ነበረው። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የተራው ጫጫታ፣ የተሸካሚው "ዞር በሉ"፣ የጋሪው ጩኸት ሁሉ እያለ እሱ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ለጎረቤቴ ነገርኳት። ቃጫዋን መጎንጎን ትታ አየችኝ።

"ይህን ደብቀሽ ነው እኔን አልታመመችም ያስባልሽኝ?"

"ፈርቼ ነው እሜቴ። ሄደሽ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ? መቼ ነው ይሉኛል፣ የትኛው ጉልበት ነው ይሉኛል። አላየሁ። ትናንት ደህና ናት ብዬ ዛሬ ታማለች ብል፣ እብድ ናት ይሉኛል። አንቺ ሂጂ።"

"እኔ ምኗ ነኝ ብዬ?"

የቃጫውን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችና ፈታችው። "እሱን እኔ አልልልሽም" አለች።

እኔ የፈራሁት ሐኪሙን አይደለም። ያን ያህል ዓመት ያልተናገርኩትን ቃል ስናገር ማን እንደሚሰማኝ ስለማላውቅ ነው። ብናገር ያቺ የልጆቼን መንገድ የምታውቅ ነገር ትሰማለች፤ ዝም ብል ያ ሽውታ እዚያው ደረቷ ውስጥ ነው። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ።

አንድ ጠዋት ጭድ እያራገፍን ሳለ ጥሩምባ ተነፋ። የእድራችን ነው። አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ሲያጣጥሩ ሰንብተው ማረፋቸው ነበር። ሰው "ነፍስ ይማር" ሲል፣ ከሁሉ በፊት ለእኔ የመጣልኝ ድንኳኑ ነው። ለለቅሶው ይነቀላል፤ ሐኪሞቹም ይሄዳሉ። ጭዱን እንዳለ ጥዬ፣ ጫማዬን በየት እንዳወለቅኩት ሳላውቅ ሮጥኩ።

ስደርስ ሸራው ወርዷል። ጥሩምባ ነፊያችን ካስማ ይነቅላል። ውሃ ቀጂው ጠርሙሶቹን ላንድሮቨር ውስጥ ይደረድራል። ሐኪሙ ጋዋኑን አውልቆ በክንዱ ይዟል።

ተማሪዋ አየችኝና "አቤት እትዬ፣ ምን ፈለጉ?" አለች።

"ያቺ ልጅ... የቃጫ ሻጯ ልጅ። ጉልበቷ አብጦ ያውቃል።"

"እናቷ አላበጠም ብለዋል እኮ። እርስዎ ምኗ ነዎት?"

"ጎረቤት" አልኩ።

ሐኪሙ በትሕትና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መኪናው ዞረ። ጎረቤት ብዙ ይላል፤ አልፈረድኩበትም። እግሩን መኪናው ላይ ሲያነሣ፣ እኔ ራሴ ያላዘዝኩት ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"የወለድኳት እኔ ነኝ። ያቺኛዋ የገዛቻት ናት።"

ጥሩምባ ነፊው ካስማውን እንደያዘ ቀረ። ተማሪዋ "ገዛቻት? በምን?" አለች።

"በአንድ እንቅብ ገብስ። እንድታድግልኝ።"

"ታዲያ አሁን ሲናገሩ ምን ይሆናል?"

"እሱን አንቺ ንገሪኝ ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ተማሪዋ ለመጻፍ ብዕሯን አልከፈተችም። ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። አግዳሚዎቹ ለለቅሶው ተወስደው ስለነበር ሁለታችንም ተጠቅልሎ በተቀመጠው ሸራ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጉሮሮዋን፣ እንጥሏን፣ ከጉልበት ወደ ክርን የዘለለውን ሕመም። "የሞተብዎት ልጅ አለ?" ሲለኝ ስለ ትልቁ ልጄ ጀመርኩ። በመጨረሻው ሰሞን መተኛት እንዳልቻለ፣ ትንፋሽ እያጠረው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ያድር እንደነበር፣ እግሩ እንዳበጠ።

"እሱስ ቀደም ብሎ ጉልበቱን ታሞ ነበር?"

ታሞ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ዓይን በላው ስል የኖርኩት ልጅ ጉልበቱን ታሞ ነበር። እዚያ ሸራ ላይ ተቀምጬ ነው ያስታወስኩት።

ሐኪሙ ልጅቷን አስጠርቶ፣ ለቀስተኛው እየተሰበሰበ፣ ሰው ሁሉ እያየን እንደገና አዳመጣት። ልቧ ተጎድቷል፣ ግን ገና ነው አለኝ። በየወሩ አንድ መርፌ ትወጋለች፣ እስክታድግ ድረስ አያቋርጡ፣ ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ወደ ቆራጭ ሳይሆን ወደ እኛ ሆስፒታል ያምጧት አለኝ። "ትድናለች?" አልኩት። "መርፌውን ካላቋረጠች እንዳይብስባት እናደርጋለን" አለ። ትድናለች አላለኝም።

ያን ዕለት ጎረቤቴ ቤቴ መጣችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሠፈሩ በሙሉ ሰምቷል" አለችኝ። "ሽያጩን አፈረስሽው።"

"አፈረስኩት እሜቴ።"

"ገብሱስ?"

"የቱ ገብስ?"

"የበላሽው ገብስ። እሱን ሳትመልሺ እንዴት ይፈርሳል? በመርካቶ እንዲህ ያለ ገበያ የት አይተሻል? ለሐኪሙ የነገርሽው ለሐኪሙ ነው። ልጅቷ የእኔ ናት፣ አንቺ ሞግዚቴ ነሽ፤ ጡት ማጥባቱ ስላለቀ አሁን መርፌ ታስወጊያለሽ።"

ሳቅኩ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ገብስ ልመልስልሽ አላልኳትም፤ እስከ ዛሬም አልመለስኩላትም።

በየወሩ ወደ ሆስፒታሉ ሦስት ሆነን እንሄዳለን። መርፌው ወፍራም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ታነክሳለች። አንዱን ወር ባለፍን ቁጥር ልቤ ትንሽ ያርፍና፣ ደጁን ሳንወጣ ስለሚቀጥለው መስጋት እጀምራለሁ። ወረፋዋ ሲደርስ ነርሷ በሩ ላይ ብቅ ትልና "የዚች ልጅ እናት" ብላ ትጣራለች። ጎረቤቴ ጮክ ብላ "አለሁ" ትላለች። እኔ ወደ ኋላዬ አያለሁ፣ ማን እንዳለ አያለሁ፣ ከዚያ ድምፅ ሳላወጣ እጄን አነሣለሁ።