የአፕሉ ጠጅ የፈነዳ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ዓሣ ስንበላ፣ አስተናጋጁ የአፕል መጠጥ ነው ብሎ ያመጣውን ጠርሙስ ጧ አድርጎ ከፈተው። ይህን ሁሉ ቦርጭ ይዤ እንዴት ጠረጴዛ ሥር እንደገባሁ እስካሁን አላውቅም፤ ለማውጣት ግን ሦስት ሰው ጎትቶኛል። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ግራ ክንዴ ብቻ አልሳቀም።

ነገሩ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ነው። ጓደኛዬ ዳንጊሶ የሀገረ ሰላም ገበሬ ልጅ ነበር። በአባቱ ጓሮ ዐሥራ ሁለት የአፕል ዛፎች ነበሩት፤ ገና ልጅ ሳለ ችግኛቸውን ተክሎ፣ ውሃ ከወንዝ እየቀዳ ያሳደጋቸው። ያን ዓመት በረዶ ወርዶ ፍሬውን ፈንጣጣ የያዘው ፊት አስመሰለውና ነጋዴ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። አባቱ አቶ ሻመና ትዕግሥታቸው አለቀ። ይህ ፍሬ አንድ ጥቅም ካላሳየኝ በምሳር ጥዬው ባሕር ዛፍ እተክላለሁ አሉ።

ዳንጊሶ አራት ጆንያ አፕል በአይሱዙ ጭኖ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን መጣ። እናቴ ጠጅ ነጋዴ ነበረች፤ በዚያ ሰሞን ለለቅሶ ሻሸመኔ ሄዳለች። ጭማቂና ጠጅ እናደርገዋለን፣ አባትህ ቅዳሜ መጥተው ይቅመሱ፣ ከዚያ በኋላ ዛፎቹን ዘበኛ ቀጥረው ነው የሚያስጠብቋቸው አልኩት።

አፕሉን በሙቀጫ ወቀጥነው። ለመጭመቁ ዳንጊሶ ቆጮ የሚጨመቅበትን የአገሩን መላ አመጣ፤ ድቃቂውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ በቃጫ አስሮ፣ ጣውላ ጫነበትና ሁለታችንም ላዩ ላይ ቆምን። ማር የመሰለ ጭማቂ ወረደ። ሽታው የሐዋሳን ንብ በሙሉ ጠራብን።

ለጭማቂ የሚሆነውን አንድ ጆንያ ለዓርብ አቆየነው። የሌላው ጭማቂ ላይ እርሾ እንዲሆነው የእናቴን የጠጅ አምቡላ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቀን፣ ገና እንደተቆጣ ሽማግሌ እያጉረመረመ ሳለ፣ በቢራ ጠርሙስ ሞላሁት፤ ቡሹን በመዶሻ ወትፌ በሽቦ ጠፈርኩት። የሆቴል ዕቃ እንዲመስል ብዬ ነው።

«ገና እየፈላ ነው፤ ይተንፍስ» አለኝ ዳንጊሶ።

«አንተ ነህ ጠጅ የምታስተምረኝ? እኔ ከጡት ቀጥሎ የቀመስኩት ጠጅ ነው።»

ጠርሙስ ማቀበሉን ቀጠለ። ሠላሳውን ጠርሙስ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጓዳ ውስጥ ደረደርነው። በበጋ እዚያ ጓዳ እንቁላል ብታስቀምጥ የሚወጣው ጫጩት ሳይሆን ዶሮ ጥብስ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን አቶ ሻመና መጡ። ጭማቂውን ቀመሱ። ከንፈራቸውን ጠርገው ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። ዳንጊሶ በደስታ ጠቀሰኝ። ጠጁስ አሉ አባቱ። ዳንጊሶ ጓዳ ገብቶ አንዱን ጠርሙስ አነሣ።

ፈነዳ። ጎኑ ያለውም ተከተለው፤ ከዚያ ጓዳው ጦር ሜዳ ሆነ። ስባሪው በሩን አልፎ ግድግዳ ላይ ተሰካ። የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጥሳ ጠፋች፤ ሞያሌ ታየች የሚል አለ። ዳንጊሶ ፊቱን ይዞ ወጣ። ቀኝ ጉንጩ እስከ አፉ ጫፍ ተቀዶ ጥርሱ በጎን ይታያል።

«አባባ፣ እኔ…» ከማለቴ አቶ ሻመና ዘነዘናውን አንሥተው መጡብኝ። ጭንቅላቴን ለመከለል ያነሣሁት ግራ ክንዴ እንደ ደረቅ ማገዶ ቀጭ አለ። ሁለተኛው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ይገድለኝ ነበር፤ ዳንጊሶ እየደማ ወገባቸውን አቅፎ በሲዳምኛ እየጮኸ ጎተታቸው። ዘነዘናው ወደቀ። ተረፍኩ ስል ራሱ ዳንጊሶ ዞሮ በቡጢ አፍንጫዬን አለኝ።

«ይተንፍስ ብዬህ ነበር» አለ፤ ቃሉ ከደም ጋር እየወጣ።

አቶ ሻመና ሐኪሙ የልጃቸውን ጉንጭ ሰፍቶ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ አገራቸው ገብተው ምሳራቸውን ሳሉ። ዳንጊሶ በሦስተኛው ቀን ፊቱን በፋሻ እንደታሰረ ሲደርስ ዐሥራ አንዱ ዛፎች ወድቀዋል። አንዷን ለምን እንደተዉ ጠየቃቸው።

«ለራሴ መጠጫ ናት» አሉት። «ጭማቂው ጥሩ ነበር።»

ዛሬም ከዳንጊሶ ጋር እንገናኛለን። ሲስቅ አፉ የሚንቀሳቀሰው በግራ በኩል ብቻ ነው። ታሪኩን ለሰው ሳወራ ጠርሙሱን መቶ አደርሰዋለሁ፣ የዘነዘናውን ምት ሃያ፤ ሰውም ይስቃል። አንድ ቀን እሱ ባለበት፣ ነገሩ ቀለል እንዲል ብዬ፣ የተቆረጡት ዛፎች አምስት ናቸው አልኩ። ዳንጊሶ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ።

ዐሥራ አንድ ናቸው አልኩ።