ራሴን በሁለት እጄ ይዤ

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም። ገብስ ተወቅቶ ወደ ሳጉሬ ገበያ የሚጫንበት ወራት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ የወደቅሁት ከጆንያው ላይ ነዋ። ጋሪው ጎርፍ የበላው ቦታ ላይ ዘመም አለና በአናቴ ተተከልሁ።

ተነሣሁ። እግሬ ይሄዳል፣ እጄ ይጨብጣል፣ ደም የሚባል የለም። ታዲያ ራሴን በሁለት እጄ ደግፌ የያዝሁት ለምንድን ነው? ብለቀው የሚወድቅ ይመስለኛል። ባለቤቴም ግራ ገባት። «ወለምታ ነው» አለችና ቅቤ ይዛ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ።

ወጌሻው እኩያዬ ነው። ገና እንዳየኝ ሣቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ ራስህን እንደ እንቁላል ይዘህ ወዴት ነው? ልትሸጠው ነው?»

«ቶሎ እሸኝ፤ ገብሱ መንገድ ላይ ነው።»

ከማጅራቴ ከፍ አድርጎ አንድ ጣቱን አሳረፈ። ሣቁ ጠፋ።

«እጅህን ልቀቅ እስቲ።»

«አልችልም።»

ጣቱን አነሣና ቅቤውን ለባለቤቴ መለሰላት። «ይህን አልነካም።»

«ፈራህ እንዴ?»

«አዎ ፈራሁ። አንተም ፍራ!»

ሳንቃ ላይ አስተኝቶኝ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ በራሴ ግራና ቀኝ ወሸቀው። በጭነት መኪና አሰላ እስክንደርስ ግንባሬን ይዞ አልለቀቀኝም። ዕድሜ ልኩን ሲያሽ የኖረ ሰው እኔን ለምን ተወኝ? አኮረፍሁት።

ሆስፒታል ውስጥ ሲቲ ስካን በሚሉት ቀለበት አሳለፉኝ። ከሌላ ክልል የተመደበች ወጣት ሐኪም መጣች። «አባቴ፣ ሁለተኛው የአንገትዎ አጥንት ተሰብሯል። ከቦታው ግን አልተንሸራተተም። ታሽቶ ቢሆን ትንፋሽዎን ሊያቋርጠው ይችል ነበር።»

በእግሬ ሄጄ፣ አንገቴ ተሰብሮ? አልገባኝም። ጠንካራ የአንገት ድጋፍ አሰረችልኝ፤ ሦስት ወር አይፈታም አለች።

«ራስዎን እንዳያንቀሳቅሱ። ገባዎት?»

እንደ አገራችን ደንብ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ፣ አዎ ለማለት ራሴን ቀና ላደርግ ስል፣ «በአፍዎ! በአፍዎ ይበሉኝ!» ብላ ጮኸች።

ሦስት ወሩ ሞልቶ ድጋፉ ሲፈታልኝ እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ራሴ ሄዱ። ሐኪሟ ቀስ ብላ አወረደቻቸው። ራሴ አልወደቀም።

«ያን ዕለት አልነካም ብሎ ወደዚህ ያመጣዎት ሰው ማን ነው?» አለችኝ።

ባርኔጣውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ለማሳየት መዞር ፈራሁና በአፌ ነገርኋት፤ «ወጌሻዬ ነው።»