የእናቴ መርፌዎች

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ የአልኮል ሽታ ሸተተኝ። ወዲያው አንኮበር ያለው ቤታችን፣ በመስኮቱ ቀስ ብሎ የሚገባው ጉም፣ የእናቴም ቀዝቃዛ ክንድ ትዝ አለኝ።

እናቴ ስኳር ነበረባት። ዓይኗ ስለደከመ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ስወጋት ፊቷን ከቤታችን ሥር ወዳለው ገደል መልሳ፣ ጉሙ ተገልጦ ቆላው ይታይ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ባይታይም ይታያል እላት ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመን እንድንመልስላት ነግራናለች። እኔ ግን ምን ልበልህ፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው ዳገት ሰለቸኝ። በስስ ላስቲክ እየቋጠርኩ ጓሮ ካለው የአመድ ቁልል ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ለእናቴ እየመለስኩ ነው አልኳት።

ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ለነጭ ሽንኩርት መደቧ ከዚያ አመድ ትወስድ ነበር። አንድ ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ። ስደርስ መዳፏን በሌላው እጇ ይዛ ደሟን ታያለች።

እናቴ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። እጇን በውሃና በሳሙና አሳጠበቻትና ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ ነርሷ ማን እንደጣለው ስትጠይቅ እናቴ ቀድማ፣ «እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም» አለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ጎረቤታችን በደም የሚተላለፍ በሽታ ይዟት እንደሆነ ተመረመረች፤ ከሦስት ወር በኋላም እንድትመለስ ተነገራት። እነዚያን ወራት እንዴት ብዬ ልንገርህ። ሽንኩርቷን ስትኮተኩት በአጥር ቀዳዳ አያታለሁ፤ ባሳለች ቁጥር ለምርመራው የቀሩትን ቀናት እቆጥራለሁ። በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እትዬ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ። እናትሽ ብቻዋን ጓሮ ወጥታ አታውቅም» አለችና መኮትኮቷን ቀጠለች።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤትም ደህና ሆነ። ከዚያ ወዲያ መርፌውን ከነዕቃው ዳገቱን ወጥቼ ሳልመልስ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ለትምህርት ደብረ ብርሃን ስሄድ ደግሞ ጎረቤታችን መውጋቱን ከነርሷ ተማረች፤ ዕቃው ሊሞላ ሲል ይዛ የምትሄደውም እሷ ሆነች። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ከሰልስቱ በኋላ ከጎረቤታችን ጋር የቀሩትን መርፌዎች ልንመልስ ሄድን። ነርሷ ተቀበለችንና እንደ ልማዷ ባዶ ዕቃ ዘረጋችልን።

ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ከእንግዲህ አያስፈልገንም» አለች።

አያስፈልጋትም አላለችም። አያስፈልገንም ነው ያለችው።