ሽማግሌ የላክሁ ቀን

መቀመጥ አይሆንልኝም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጠጥቶ መምጣቱን ከበሩ አከፋፈት እለይ ነበር። እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወልድያ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ መርሳ እወርዳለሁ። ቤታቸው ጠጪ ያለባቸው ስምንት ተማሪዎች አንድ ትምህርት ቤት ባዋሰን ክፍል ይጠብቁኛል። ደመወዝ የለውም፤ ሙያውም የለኝም። ከእኔ የሚፈለገው መስማት ብቻ ነው፤ እሱንም በቅጡ አልችልበትም። ሕጋችን አንድ ነው፦ እዚህ የተወራ ከዚህ በር አይወጣም። ያወጣሁትም ያፈረስሁትም እኔው ነኝ።

ከስምንቱ አንዷ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እንደኔው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ትወዳለች። በወንበሩ ስንሻማ ነው የተዋወቅነው። እናቷ የለችም። አባቷ ጋራዥ ይሠራል፤ እጁን በወጉ ሳይታጠብ አረቄ ቤት ይገባል። አንድ ቅዳሜ፣ «እትዬ፣ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለችኝ። «ለማን ብዬ ነው የምማረው? እሱ እንደሆነ መኖሬንም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አዳምጦ፣ አስቦ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚመልስላት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ስንቆራጠጥ ሰነበትሁና ሽማግሌ ላክሁ። ለእሷ እንኳ ሳልነግራት አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አባትየውን ስለ መጠጡ እንዲመክሩልኝ ለመንሁ። ሳይቀምስ በጠዋት ድረሱበት አልኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። እኔ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ሌላ አዝዤ እጠብቃለሁ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለችበት ደጃፍ ሦስት ሽማግሌ ሲቆም ሰፈሩ ምን ይላል? የወሎ ልጅ ሆኜ ይህ እንዴት ይጠፋኛል! ገና ግቢው ሳይገቡ አንዲት ጎረቤት ወፍጮ ቤት ወረፋ ወደያዘችው ልጅ ሮጣ፣ «እሰይ፣ ልትዳሪ ነው!» ብላ አበሠረቻት። ልጅቱ እህሏን እዚያው ጥላ ጠፋች።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አባትየው ያለውን ነገሩኝ፤ አስከትለውም የልጅቱን መጥፋት። አክስቷ ውርጌሳ እንደምትኖር ሰምቼ ስለነበር ባጃጅ ይዤ ወደዚያው በረርሁ። ሾፌሩን ፍጠን፣ ቀስ በል፣ ቁም እያልሁ አማረርሁት። ፈርቼ ነበር፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ከከተማው ወጣ እንዳልን የወፍጮ ዱቄት ያነጣውን ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ በአስፋልቱ ዳር ስትገሰግስ አየኋት። ወርጄ ከጎኗ መራመድ ጀመርሁ። አልቆመችም።

«ለማን ነው የሰጠኝ?»

«ለማንም። ሽማግሌዎቹን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ስለ መጠጡ።»

ቆመች። «ከበር አይወጣም ብለውን አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አጠፋሁ፣ ልጄ።»

ማመካኛ ስላልነበረኝ የሰማሁትን ነገርኋት። ቄሱ ሳይቀመጡ ቆመው፣ «ስለ ልጅህ ነው የመጣነው» ብለው ሲጀምሩ አባቷም እንደ ሰፈሩ ነው የመሰለው። አላስጨረሳቸውም። «አባቶቼ፣ አትድከሙ። ልጄ ተማሪ ናት። ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ናት፤ አልድራትም» አላቸው።

«ሁለተኛ መውጣቴን ማን ነገረው?»

«እኔ እንጃ።»

ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ ዱቄቱን አራገፈች። «ጠጥቶ ነበር?»

«በጠዋት? አልጠጣም።»

«ሳይጠጣ ነው ያለው?»

«ሳይጠጣ።»

ባጃጁ ውስጥ ገባች። መርሳ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሲያስረዱት አባትየው አንገቱን ደፍቶ ሰምቷቸዋል፤ ቃል ግን አልገባም። ዛሬም ይጠጣል። የሆነውን ለሌሎቹ ልጆች ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አልመጡም፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ትምህርቷን አልተወችም። አንዳንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ስንጎራደድ ስልኬ ይጮሃል። «እትዬ፣ ዛሬም ጠጥቶ ነው የመጣ» ትለኛለች፤ ስልኩን ግን አትዘጋውም። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ቁጭ እልና በዚያ ጠዋት አባቷ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራታለሁ።