እናቴ ለሌሊት ጥበቃ የሰፋችው ሰደርያ

«ምትክ» የምትባል ቃል ዛሬም ስሰማት ደሜ ይፈላል። በቀይ እስክሪብቶ ከተጻፈች ደግሞ አያድርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ፣ እኛ ሰፈር፣ ሌባ አላስቀምጥ ሲል ጎረቤቱ ተሰብስቦ በየተራ ሌሊት ለመጠበቅ ተስማማ። በአንድ ሌሊት ከአራት ቤት አራት ወንድ ይወጣል፤ ዱላና ባትሪ ይዞ እስኪነጋ ሰፈሩን ሲዞር ያድራል። ወንድ የሌለው ቤት ከፍሎ ሌላ ሰው ያስቆማል። የተራው ዝርዝር በየወሩ በትልቅ ወረቀት ይጻፍና ባለሱቁ በር ላይ ይለጠፋል። የቤት ቁጥርና ቀን አለው፤ እንደኛ ዓይነቱ ቤት ግን ከቁጥሩ አጠገብ «ምትክ» ተብሎ በቀይ ይጻፍበታል።

አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተራ ከሚጠብቅ በሽተኛ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ማታ ለመጣላት አቅም ባይኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይተርፈኛል። እናቴ ፍራሽ ትሰፋለች። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የሚተኛው እሷ ባበጠረችው ጥጥ ላይ ነው።

ጥበቃው በተጀመረ በሁለተኛው ወር ሁለት ቤት ተዘረፈ። ሰው ሁሉ «አጋጣሚ ነው» አለ። እናቴ ግን ሳሙና ልትገዛ ሄዳ የተለጠፈው ወረቀት ፊት ብዙ ቆመች። ስትመለስ ሳሙናውን እንኳን ረስታዋለች።

«የተዘረፉት ቤቶች ሁለቱም ቀይ ተጽፎባቸዋል» አለችኝ። «ሌባም እኮ ማንበብ ይችላል።»

እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ወንድ የሌለበትን ቤት ቁጥር በገዛ እጃችን ጽፈን፣ በቀይ አስምረን፣ በር ላይ ለጥፈናል። ቀይ ካለባቸው ሦስት ቤቶች ያልተዘረፈው የእኛ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ማታ እናቴ ቁም ሳጥኑን ገፍታ በሩ ላይ አስደገፈችው፤ እኔም ስትገፋ አገዝኳት። አባቴ በነበረበት ጊዜ በሩን መቀርቀር እንኳን የምትረሳ ሴት ነበረች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር፤ ኒም ዛፉ ሥር። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው፣ ነገር ሁሉ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እናቴ ተነስታ «ምትክ የሚለው ይሰረዝልኝ፤ የቤቴን ተራ እኔ ራሴ እወጣለሁ» አለች። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔ ዞሬ ስመለከታቸው አንዳንዱ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«እህቴ» አሉ ጋሼ፣ «ሌባው ድንጋይ ነው የሚወረውረው። ባለፈው የአንዱን ጎረምሳ ጎድን ሰብሯል። አንቺ ላይ ቢያርፍ የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ወንድ ላይ ሲያርፍ ይለሰልሳል እንዴ?»

አሁን የሳቀው ሌላ ሰው ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ «ድንጋይና ዱላ የሚችል ልብስ ካለሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጪና አሳዪን። እስከዚያ ግን ምትክ ነሽ» አሉ። ሊያሳፍሯት ፈልገው አይመስለኝም፤ እምቢ ማለት ከብዷቸው ያገኙት መውጫ ነው። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ ማልኩ። እናቴን የማለብሳትን ነገር ከየትም አመጣለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በቀጥታ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ከክምሩ ሥር አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሰደርያ ጎትቶ አወጣልኝ። ወፍራም ነው፤ ማሰሪያው ብዙ፣ አንገትጌው የቆመ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ፊሽካ ሁሉ ተንጠልጥሎበታል። «የውጭ ወታደር የለበሰው ነው፤ ጥይት አይነካውም» ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ፊሽካውን ሳይ አመንኩት። ጥበቃ ካልሆነ ፊሽካ ምን ያደርግለታል?

እናቴ ሰደርያውን አገላብጣ አየችው፤ ደባበሰችው፤ ከዚያ በምላጭ ስፌቱን ፈታ አደረገችው። ከውስጥ የወጣው ነጭ ስፖንጅ ነው። በውስጠኛው ገበር ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች፤ እሷ ላይ አንድ ሰው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እጁን ሲያነሳ ተስሏል።

«ልጄ» አለች፣ «ይሄ እኮ ላንጋኖ ጀልባ ላይ የሚለብሱት ነው። ሌባው በጎርፍ ይመጣል ያለሽ ማነው?»

ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀችብኝ። ሻጩን ላንቀው ተመልሼ ሄድኩ። «እህት፣ እኔ ጥይት አይነካውም አልኩ እንጂ ድንጋይ አይነካውም ብያለሁ?» አለኝ። ፊሽካውን ብቻ አስቀረሁት።

ቀጥሎ ብረት በያጅ ጋ ሄድኩ። ያረጀ በርሜል ቆርጦ፣ ጎብጥ አድርጎ፣ ለፊትና ለኋላ ሁለት ሰሌዳ ሠራልኝ፤ በገመድ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። እናቴ ለብሳው ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረች። ድስትና ክዳን አብረው ከመደርደሪያ የወደቁ ይመስላል። ጎንበስ ብላ ድንጋይ ላነሳ ስትል ጠርዙ ሆዷን ወጋት። ለማውለቅ ሁለታችንም ታግለናል።

«ይህን ለብሼ ስራመድ ሌባው ከወለንጪቲ ይሰማኛል» አለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና በቁም ነገር ታወራ ጀመር። «አንቺ የምትገዢልኝ ቀን ለቆመ ሰው የሚሆን ነው። እኔ የምለብሰው ከእንቅልፌ ተነስቼ፣ መብራት ሳላበራ፣ ዓይኔን እያሸሁ ነው። ድምፅ ካሰማ ጉድ ሆንኩ። እጄን ከያዘኝም በዱላ መመከት አልችልም። ደግሞ በአዳማ ሙቀት ታፍኜ ልሙት?»

እውነቷን ነው። እኔ ምን ያህል ድንጋይ ይችላል የሚለውን ብቻ ነበር የማስበው፤ በጨለማ እንዴት ይለበሳል የሚለውን ረስቼዋለሁ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት ተናድጄ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ስሰፋ ነው የኖርኩት?»

መጋዘን ገባችና የአባቴን ሸራ እየጎተተች ወጣች። ጭነት የሚሸፍንበት ነው፤ ካረፈ ወዲህ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር፤ አንድ ጊዜ እኔ ውሃ ማጠራቀሚያ ላልብስበት ብዬ አኩርፋኛለች። ግቢው መሃል ዘረጋችው። መቀሱን ይዛ ቆመች፤ አልቆረጠችም።

«እማዬ፣ ተዪው፤ ሌላ ሸራ እገዛለሁ።»

«ቤቱን ይጠብቅ እንጂ» አለች፣ «መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ምን ይሠራል።» ቆረጠችው።

ጥጡን አበጠረች፤ በስሱ በስሱ ደረበች፤ በየመሃሉ ሸራ አስገባች። በፍራሽ መርፌና በሲባጎ፣ ጣት በማያስገባ ርቀት፣ ከላይ እስከ ታች ጠቀጠቀችው። ፍራሽ እንዲለሰልስ ላላ ተደርጎ ይሰፋል፤ ይህን ግን እንደ ጣውላ እስኪጠነክር አጠበቀችው። ጎንና ጎኑን ንፋስ እንዲገባ ክፍት ተወችው። ከዚያ ሰደርያውን መሬት ላይ አነጠፈች፤ ከሥሩ እንቁላል አስቀመጠች፤ የቡና ዘነዘናውን አንስታ መታችው። እንቁላሉ ተሰበረ። አንድ ድርብ ጨመረች። ሁለተኛውም ተሰበረ። ሌላ ድርብ ጨመረች። ሦስተኛው እንቁላል ደህና ወጣ፤ እኔ እጄ ላይ አድርጌ ብርሃን ላይ አየሁት፤ ስንጥቅ የለውም። ማታ እሱኑ ጠብሰን በላነው።

የቀረው ማሰሪያው ነበር። ቁልፍ በጨለማ አይገኝም፤ ገመድ ይቋጠራል። በመጨረሻ ከአሮጌ መኪና መለዋወጫ ተራ የወንበር ቀበቶ አምጥቼ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ቀጭ፣ አለቀ። መብራት አጥፍቼ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ «ሌባ» ስላት እንድትነሳ አደረግኩ። መጀመሪያ ገልብጣ ለበሰችው። ሁለተኛ ጊዜ በአንገት ማስገቢያው ክንዷን አስገባች። ሦስት ቀን ተለማመድን። በኋላ እኔ እስከ አሥር ሳልቆጥር ለብሳ፣ ዱላዋን ይዛ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ስብሰባው ቀን ሰው ከወትሮው በዝቶ መጣ። ወሬው ደርሶታል። እናቴ ሰደርያውን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ለበሰችው። «ይኸው ጋሼ። ማንም ይምታኝ» አለች። ባል የሞተባትን ሴት ሰው ፊት በዱላ የሚመታ ወንድ ከየት ይምጣ። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ባለሱቁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ እፎይ ያሉ መሰሉ፤ «እንግዲህ መመታት ካልተቻለ መመዝገብም...» ብለው ሊዘጉት ጀመሩ።

እናቴ ቀበቶውን ፈታች። «እንግዲያው እርስዎ ይልበሱት፤ እኔ እመታለሁ።»

ጋሼ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰዉ ግን አልሳቀም፤ ይጠብቃል። እምቢ ቢሉ ምን ሊባሉ እንደሚችሉ ገብቷቸዋል። ኮታቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ለበሱት። እኔ ነኝ ቀበቶውን ያሰርኩላቸው። እናቴ ዱላውን በሁለት እጇ ያዘች። «ይፍቱኝ ጋሼ» አለችና ደረታቸው ላይ አሳረፈችው።

ድም አለ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዱ፤ ቆሙ። ደረታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ከሐኪም ጥሩ ወሬ የሰማ ሰው ፊት ነው።

«ድገሚኝ» አሉ።

ደገመቻቸው። ሰደርያውን ቶሎ አላወለቁትም። ለብሰውት ቁጭ አሉ፤ መዝገቡን አወጡ፤ «ምትክ» የምትለዋን በሁለት መስመር ሰረዟት። እኔ እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው አልኩ፤ አዳማ አቧራ ስለማይጠፋ ማንም አልተከራከረኝም።

ሦስተኛ ተራዋ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ከተኛሁበት ፊሽካ ሰማሁ፤ ያ ቀጭን፣ የላንጋኖው ፊሽካ። ከእናቴ ሌላ ማንም የለውም። መጥረጊያ አንስቼ በሌሊት ልብሴ ወጣሁ። ስደርስ እናቴ ከባለሱቁ መጋዘን ጀርባ ቆማለች። አጥር ላይ የነበረው ሌባ የወረወረው ድንጋይ ደረቷ ላይ አርፎ እግሯ ሥር ወድቋል፤ ሙሉ ጡብ ያህላል። እሷ ግን ፊሽካዋን አላቋረጠችም። ሌባው ከመጋዘኑ ያወጣውን የጋዝ ሲሊንደር ጥሎ ሲዘል ሦስቱ የተራ ጓደኞቿ ያዙት።

እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «መጥረጊያ ይዘሽ የመጣሽው ልታጸጂልን ነው?»

ባለሱቁ የሁሩታ ልጅ ነው። ሲሊንደሩን አቅፎ በኦሮምኛም በአማርኛም «ሃርሜ፣ ጃባዱ፤ እናቴ፣ በርቺ» እያለ የቆመበት አይረሳኝም። በማግስቱ ደረቷን አየሁት። አንዲት ቀይ ምልክት እንኳን የለም።

ጋሼ ግን ደንብ ደንብ ነው ብለው በቀሩት ሁለት ቤቶች ላይ ቀዩን መጻፍ አልተዉም ነበር። እናቴ ብትለምናቸው «መዝገብ መዝገብ ነው» ይላሉ። ክረምት ላይ ግን ጉልበታቸው ታመመና አልጋ ያዙ። ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ቤት ያሉት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ልንጠይቃቸው ስንገባ የሚቀጥለውን ወር ዝርዝር አልጋቸው ላይ ዘርግተው አገኘናቸው። የራሳቸው ቤት ቁጥር ጋ ደርሰዋል። ቀዩ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ ነው፤ አይጽፉም።

«ይህችን ቃል መጻፍ እንዲህ ይከብዳል እንዴ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ማታ ማታ ባለቤቴ በሩን በወንበር ትደግፋለች።»

እናቴ ቀዩን እስክሪብቶ ከእጃቸው ወሰደችና ሰማያዊውን ሰጠቻቸው።

«ምትክ ብለው አይጻፉ። በእርስዎም፣ በሁለቱ ቤቶችም ተራ ላይ የእኔን ቤት ቁጥር ይጻፉበት፤ ተራውን እኔ እወጣለሁ» አለች። «ሌባው ደጋግሞ ያንብበው።»

ጋሼ ጻፉ። ወረቀቱን ተቀብዬ ባለሱቁ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አራቱንም ጥግ፣ ነፋስ እንዳያነሳው አጥብቄ።