የአበቅቴ ሳጥን

መካነ ኢየሱስ ከተማ የሄድኩት አንድ መምህር ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላትን ቀን ማውጫ፣ በስልክ የሚያሰላ መተግበሪያ መሥራቱን ሰምቼ ልዘግብ ነበር። ስደርስ መብራት ከጧት ጀምሮ ጠፍቷል። ወንድሙ ከውጭ የላከለት ላፕቶፕ ባትሪው ሃያ በመቶ አይሞላም።

በሩ አጠገብ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ለመምህሩ ቁጥሩን በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልክ ነው ካሉ መተግበሪያው ለጉባኤ ቤቱ ተማሪዎች ይሰጣል፤ ካላሉ ይቀራል። የደብረ ታቦር አውቶቡስ እስኪነሣ ብቻ ነው የሚቆዩት።

መምህሩ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ በተያያዘው ስልክ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ነካው። መተግበሪያው ተዘጋ። ደገመው፤ ተዘጋ።

«መሣሪያህም ይጾማል እንዴ?» አሉ የኔታ። ፈገግ አላሉም።

መምህሩ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስሌቱ አልተሳሳተም። የሚወድቀው አበቅቴ የሚባለው ቁጥር ገጹ ላይ በሚጻፍበት መስመር ነው፤ ኮዱ ቁጥሩ የሚገባበትን የአበቅቴ ሳጥን ሲጠራ ባዶ ያገኛል። ሳጥኑ ግን ገጹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

እኔ ኮድ አላውቅም፤ መጠየቅ ግን ሥራዬ ነው። መጨረሻ የሠራው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ትናንት ጧት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ቀየርክ ስለው፣ ምንም አለ። «ምንም» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና መልሼ አነበብኩለት። ያኔ ትዝ አለው።

«አበቅቴን መጥቅዕ ከሚባለው ሌላው ቁጥር በታች አድርጌው ነበር። ትናንት የኔታ አበቅቴ ይቀድማል ሲሉኝ፣ ሳጥኑን አጥፍቼ ከላይ አዲስ ሠራሁ።»

የኔታ ቀና አሉ። በእሳቸው ጉባኤ የታረመ ነገር አይጠጋገንም፤ ተጥሎ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይባላል። መምህሩም ሳጥኑን ወደ ላይ መሳብ ሲበቃው ያደረገው ይህንኑ ነው። አዲሱ ሳጥን የቀድሞውን ይመስላል እንጂ ከኮዱ ጋር የሚያያዝበት መስመር አልተዘረጋለትም።

ባትሪው አራት በመቶ ሲደርስ መስመሩን ስቦ አገናኘ። ቁጥሩ ወጣ።

የኔታ አላዩትም። መጀመሪያ በጣቶቻቸው አንጓ ቆጥረው ጨረሱ፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። መልሰውለት ተነሡ።

«ስጣቸው» አሉ። «ግን አስቀድመው በጣታቸው ይቁጠሩ።»

መምህሩ እስከ አውቶቡሱ ሊሸኛቸው ወጣ። ላፕቶፑ ሲጠፋ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።