ከአውቶቡሱ በፊት

ልብስ ሰፊው፣ አምና ሐኪሙ «ትንሽ ተንቀሳቀስ» ቢለው፣ ትንሽ ነገር አይወድምና ያዙኝ ልቀቁኝ ብሎ ለግማሽ ማራቶን ተመዘገበ። የመሮጫ ቁጥሩን እንደ ሰው በመርፌ ቁልፍ አያያይዝም፤ ካናቴራው ላይ በማሽን ዙሪያውን ደርቦ ይሰፋዋል። ቁምጣው ልክክ ያለ ነው፣ ካናቴራው ተተኩሷል። የጎደለው ፍጥነት ብቻ ነው።

ልምምዱማ አይጣል ነው። ማለዳ ተነስቶ ሰፈሩን ይዞራል፤ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ የቤተሰቡን ጤና ስለሚጠይቅ ግን የሚደክመው ምላሱ ብቻ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ማን እያሳደደዎት ነው?» ትለዋለች ዳቦ ሻጯ።

«አውቶቡስ» ይላታል።

እውነቱን ነው። ኋላ የቀሩትን ሯጮች እየለቀመ የሚመጣ አውቶቡስ አለ። አምና እሱንም ለቅሞ መጨረሻው መስመር ላይ ሲያራግፈው፣ አበባ ይዛ የምትጠብቀው ልጁ አበባውን ቶሎ ከጀርባዋ ደበቀች። አባትና ልጅ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አላነሱትም።

ዘንድሮም አውቶቡሱ ደረሰበት። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ቁጥሩን ይስጡኝና ይግቡ» አለው።

«ተሰፍቷል የኔ ልጅ። ከፈለግህ መቀስ ይዘህ ውረድ።»

ረዳቱ በሳቅ ፈረሰ። አውቶቡሱ ሌሎቹን ለመልቀም ቆም ባለ ቁጥር ልብስ ሰፊው እየተፈተለከ መስመሩን በገዛ እግሩ ረገጠው።

ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እያለከለከ ዙሪያውን ቃኘ። አየሁልህ የሚለው አንድ ዘመድ የለም። ልጁን «ውድድሩ የዛሬ ሳምንት ነው» ብሎ የዋሻት ራሱ ነው።